ወደ ባኞ ሠላሳ ስምንት

ባዶ መንገድ የሚወድ ሰው አለ ሲባል እሰማለሁ። ጭር ያለ ቦታ፣ ንጹሕ አየር፣ ብቻን መንሸራሸር ምናምን። ይገርመኛል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ኮልፌ ነው። አጠና ተራ አካባቢ ቀጥ ብሎ መሄድ የሚባል ነገር የለም። አጠና የተሸከመ ሰው ድንገት ዞር ካለ ጎንበስ ትላላችሁ። የአየር ጤና ሚኒባስ ውስጥ በግድ ሊያስገባችሁ ለሚጎትታችሁ ሰው ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር እንደምትሄዱ ታስረዳላችሁ። ሰው ትገፋላችሁ፣ ሰው ይገፋችኋል። መንገድ ማለት ለእኔ ይኼ ነው።

በእኛ ሰፈር በጠራራ ፀሐይ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ መንገዱ ጭር ካለ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ምን እንደሆነ ቆሞ መጠየቅ የለም። መጀመሪያ ቤት ይገባል፣ በሩ ይቀረቀራል፣ ከዚያ በስልክ ይጠየቃል። ይህን ማንም አላስተማረንም። እግራችን ራሱ ያውቀዋል።

እንግዲህ ይህን እግር ይዤ ነው ባለፈው ኅዳር ጣሊያን አገር፣ አንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ የገባሁት። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለአምስት ቀን የውሃ ፓምፕ ሥልጠና እዚያው አቅራቢያ ወዳለች ሌላ ከተማ ልኮኝ ነበር። ከብዙ ሰው መካከል እኔን ለምን እንደመረጡኝ አልጠየቅሁም። ምናልባት ሊልኩ የፈለጉት ሌላ ደረጀ በቀለን ይሆናል።

አልሳቃችሁም። ልክ ናችሁ፣ ታሪኬን አታውቁትም። ኮልፌ ውስጥ ግን የማያውቀው የለም።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ደረጀ በቀለ ነበርን። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው ከደብረ ማርቆስ የመጣ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። አያቶቻችን ቢለያዩን ጥሩ ነበር፤ የእኔ አያት ወልዴ ናቸው፣ የእሱ ወርቁ። ምን ዋጋ አለው፣ በአንድ ፊደል ሲያጥር ሁለታችንም «ደረጀ በቀለ ወ.» ነን። ልጆቹ መላ ፈጠሩ። እኔን ደሬ ኮልፌ፣ እሱን ደሬ ማርቆስ አሉን። የመኝታ ክፍላችንም አንድ ነበር። ጥሩ ጓደኛሞች ነበርን። ነበርን።

በመጨረሻው ዓመት ለአንድ ሰው የሚሆን የጣሊያን አገር የትምህርት ዕድል መጣ። በውጤት ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነበርኩ። ሌላው ፎርም ሲሞላ፣ ሲያስፈርም፣ ደጅ ሲጠና እኔ ቁጭ አልኩ። አንደኛ የወጣ ሰው ይጠራል እንጂ አይለምንም። እንዲህ ነበር የማምነው። ታዲያ የአክስቴ ለቅሶ ሆኖብኝ ሦስት ቀን ከግቢ ጠፋሁ። ስመለስ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። «ደረጀ በቀለ ወ. የጣሊያን ደብዳቤህን ከቢሮ ውሰድ» ይላል። እየሮጥኩ ሄድኩ።

«ደረጀ በቀለ ወስዶታል፤ ፈርሟልም» አለችኝ ጸሐፊዋ።

«ደረጀ በቀለ እኮ እኔ ነኝ!»

«እና ወስደሃላ!»

«አልወሰድኩም!»

መዝገቡን አዙራ አሳየችኝ። «ይኸው ስምህ። ይኸው ፊርማህ። ምን አድርጊ ነው የምትለኝ?»

ከዚያ ቀን በኋላ ደሬ ማርቆስን አላናገርኩትም። ሊሄድ ሰሞን ኮልፌ ድረስ፣ ቤታችን መጣ። ድምፁን ከግቢው በር ስሰማ ለእናቴ «የለም በይው» ብዬ ባኞ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እናቴ በሩን አንኳኳችና «ሄዷል፣ ውጣ» አለችኝ። ነፍሷን ይማርና እናቴ ሐሰት አታውቅም ነበር። ለእኔ ስትል ዋሸች ብዬ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ያሳዝነኝ ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ ነገርኩ። በለቅሶ ነገርኩ፣ በሠርግ ነገርኩ፣ ጥርሴን ሲነቅሉኝ እንኳ አፌ እንደተከፈተ ልነግር ሞክሬያለሁ። አዲስ አለቃ በተሾመብኝ ቁጥር፣ እኔ ተመራቂው ከጀማሪ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ስቀመጥ፣ «አየህ፣ እኔ እኮ ጣሊያን…» እላለሁ። ሰፈሩ ሁሉ አብሮኝ ተናድዷል። አንድ ሰው ብቻ አልተናደደም፤ ባለሱቁ ጋሽ ከድር። አንድ ጠዋት ዳቦዬን እየጠቀለሉ ቀስ ብለው «ኢንጂነር፣ ግን ያንተ ባይሆንስ?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ደብዳቤው።»

ለአንድ ሳምንት ዳቦ ከሌላ ሱቅ ገዛሁ።

እንግዲህ ሥልጠናው በመጣ ጊዜ የደሬ ማርቆስን ስልክ ከድሮ የክፍል ጓደኞቻችን ፈላልጌ አገኘሁ። የሥልጠናው ቦታ እሱ ካለበት ከተማ በባቡር አንድ ሰዓት ነው። አፉን ከፍቶ «ያንተ ነበር» እንዲለኝ ብቻ ነው የፈለግሁት። ሌላ ምንም። ጣሊያን እንደገባሁ ደወልኩ።

«ሃሎ፣ ደረጀ በቀለ ነኝ» አልኩ።

«እኔም ነኝ» አለ።

ድምፁ አልተለወጠም። እንዳገኘው እፈልጋለሁ አልኩት። እሁድ ና አለኝ። «ከባቡር ወርደህ ፌርማታው ጋ ተሻገር። ባሕሩን በቀኝህ ይዘህ ዝም ብለህ ሂድ። ባኞ ሠላሳ ስምንት ጋ አለሁ።» ዘጋው።

ባኞ? ሠላሳ ስምንት? ኮልፌ ደውዬ ጋሽ ከድርን አማከርኩ። በዚያን ጊዜ ታርቀናል።

«ኢንጂነር» አሉኝ፣ «ሰው እንግዳውን ሳሎን ነው እንጂ ባኞ ቤት አይቀበልም።»

«እኔም እሱን ነው የምለው።»

«ደግሞ ሠላሳ ስምንት ባኞ ያለው ሰውዬ ምን ቢቆሽሽ ነው?» ትንሽ አሰቡና «ውስጥ አትግባ። በር ላይ ሆነህ አነጋግረው» አሉኝ።

እሁድ ጠዋት ባቡሩ አወረደኝ። እኔን ብቻ ነው ያወረደው። ከጣቢያው ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት ጽሑፍ «ፌርማታ» የሚል ነው። ደስ አለኝ። እንደ ዘመድ ነው ያየሁት። ትንሽ ራመድ ስል ቤርጎ አገኘሁ። የእኛ ቤርጎ መጋረጃ ያላት፣ ከመጠጥ ቤት ጀርባ የምትደበቅ ክፍል ናት። የእነሱ አምስት ፎቅ ነው። ቀጥሎ ጎማ ሠሪው፣ ጎሚስታ፣ ቀጥሎ ዳቦ ቤት፣ እሱም ፉርኖ። ቃላቱ ሁሉ የእኛ ሰፈር ልጆች ናቸው። ብቻ አንዱም ክፍት አይደለም። የቤርጎው የመስኮት መዝጊያ ሁሉ ወርዷል። የጎሚስታው በር ተቆልፏል። ሁሉም በር ላይ «ኪዩዞ» የሚል ወረቀት ተንጠልጥሏል። ዝግ ማለት እንደሆነ ሥልጠናው ላይ ተምሬያለሁ። ጣሊያን ያን ሁሉ ቃል ሲተውልን ይህችን ቃል አልተወልንም። መዝጋት እኛም ድሮ እንችልበት ስለነበር ይሆናል።

መንገዱ ላይ ሰው የለም። መኪና የለም። ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው። እግሬ ወዲያውኑ ገባው። «አንድ ነገር ሆኗል» አለኝ። ስልኬን አወጣሁ፣ ለማን ልደውል? ከላይ አንዲት ባልቴት በመስኮት ብቅ ብላ አየችኝና መስኮቱን ዘጋችው። እሷ ሰምታለች ማለት ነው። እኔ ነኝ ያልሰማሁ።

ኋላ ነው የገባኝ። ምንም አልሆነም። ከተማዋ የመዝናኛ ከተማ ናት። ሰው የሚመጣው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ እኛ ዣንጥላ ይዘን በጭቃ ስንዳክር እነሱ ፀሐይ ይሞቃሉ። ኅዳር ላይ ዘግተው ይሄዳሉ። ከተማ እንደ ሱቅ ይዘጋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ኮልፌን ዝጋና ቁልፉን ይዘህ ሂድ ብትባሉ ከየት ትጀምራላችሁ?

መሮጥ ፈለግሁ። ግን አስቡት፤ ጥቁር ሰው፣ በተዘጋ ከተማ፣ በሩጫ። ከየትኛው ቤት ምን ይዞ ወጣ ይባላል? ስለዚህ ሁለት እጄን ወደኋላ አጣምሬ፣ ሆዴን ገፋ አድርጌ፣ ሽርሽር ላይ ያለ ሰው መሰልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተዝናንቼ ሄጄ አላውቅም። እንደዚያ ፈርቼም አላውቅም።

ተሻገርኩ። ባሕሩ እዚያ ነው። ባሕር ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። በፎቶ ሰማያዊ ነበር። ያን ቀን የታጠበ ድስት ውሃ ይመስላል። ደግሞ ዝም አይልም። ይመጣል፣ የሆነ ነገር ሊናገር ሲል ይመለሳል። እንደገና ይመጣል። ስለ እኔ ከአንድ ሰው ጋር የሚመካከር መሰለኝ።

ዳርቻው ላይ ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል። «ባኞ 1» ይላል። ከሥሩ በሰልፍ የቆሙ ትናንሽ የእንጨት ክፍሎች፣ ሁሉም የተከረቸሙ። ከፊታቸው አሸዋው እንደ ግንብ ተቆልሏል። ያን ጊዜ ባኞ የሚሉት የባሕር መታጠቢያ ቦታውን እንደሆነ ገባኝ። ዳርቻውን ሸንሽነው ቁጥር ሰጥተውታል። ተንፈስ አልኩ። ቢያንስ ሠላሳ ስምንት ባኞ ያለው ሰው አይደለም። ከዚያ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። ሠላሳ ሰባት ባዶ ቦታ አልፌ፣ ሰው በሌለበት፣ ባሕር አጠገብ ነው የጠራኝ። ለምን?

ባኞ 9፣ ባኞ 10። ባሕሩን በቀኜ ይዣለሁ። እሱም እኔን በግራው ይዞኛል።

ባኞ 14 ላይ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞር አልኩ። ውሻ የያዘ ሽማግሌ ነው። ፍጥነቴን ቀነስኩ፣ ቀነሰ። ጨመርኩ፣ ጨመረ። የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ ስል ቆመና ውሻውን ያጫውት ጀመር። የእኔ ጫማ ክር የለውም፤ እሱም ውሻውን የሚያጫውት አይመስልም።

አሁን የሚያስቅ ነገር ላጫውታችሁ። ያኔ አላሳቀኝም። ደሬ ማርቆስ ሊያስገድለኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ለምን አያስገድለኝም? ሃያ ሁለት ዓመት የሚፈራው ሰው እኔ ነኝ። ባሕሩ ቅርብ፣ ምስክር የለም። ይሁን፣ ገደሉኝ እንበል። ሬሳዬ ሲገኝ ፓስፖርቴን ያያሉ። «ደረጀ በቀለ ሞተ» ይላሉ። የትኛው? ደሬ ማርቆስ ብቅ ብሎ «እኔ ደረጀ በቀለ ነኝ፣ አልሞትኩም» ይላል። ፖሊሱም «እንግዲያው ማንም አልሞተም» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል! ደብዳቤዬን እንደወሰደው ሞቴንም ይወስደዋል። ባኞ 20 ድረስ በዚህ ሐሳብ ብቻ ሄድኩ።

ባኞ 23 ላይ ሽማግሌው ጮኸ። «ኪዩዞ! ኪዩዞ!» እጁን ያወናጭፋል። ሁሉም ዝግ እንደሆነ ሊነግረኝ ነው። ልክ እኔ ይህን እንዳላወቅሁ። ጭንቅላቴን ነቅንቄ መንገዴን ቀጠልኩ። ያን ጊዜ ሁለት እጁን አፉ ላይ ደግኖ «ደሬጄ!» ብሎ ተጣራ።

ከአገሬ ውጭ፣ በተዘጋ ከተማ፣ የማላውቀው ሰው በስሜ ጠራኝ። የእኔ ስም የእኔ ብቻ እንዳልሆነ የረሳሁት ያን ደቂቃ ብቻ ነው።

«ሲ» አልኩ። አዎ ማለት ነው፤ ከኪዩዞ ሌላ በጣሊያንኛ የማውቃት ይህችን ብቻ ነው።

ወደ ፊት ጠቆመኝ። «ደሬጄ» አለ እንደገና፣ በሌላ ድምፅ። ሌላውን ማለቱ ነው። እሱ ከኋላ፣ እኔ ከፊት፣ እንደ ታሳሪና እንደ ዘበኛ ሆነን ሄድን።

ባኞ 30 ላይ አንድ እውነት ልንገራችሁ። ሽማግሌውን መፍራት ተውኩ፣ ባሕሩንም ተውኩ። የፈራሁት ሌላ ነገር ነው። የጋሽ ከድር ድምፅ መጣብኝ። ያንተ ባይሆንስ? ያ ደብዳቤ የእኔ ካልነበረ እኔ ማን ነኝ? ዕድሉን የተቀማ ሰው ነኝ። ይህን ከነሱብኝ የሚቀረው በአንድ መሥሪያ ቤት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ሰው ነው። ለዚህ ማን ያዝናል? ማን ሻይ ይጋብዛል? መመለስ ፈለግሁ። ወደኋላ ዞር ስል ሽማግሌውና ውሻው መንገዱን ሞልተውታል።

ባኞ 38።

አንድ ረጅም ሰው የቀለም ብሩሽ ይዞ የእንጨት ክፍሎቹን ሰማያዊ ይቀባል። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ዞሮ አየኝ። ሰላም አላለኝም። ደህና ነህ አላለኝም።

«ከባኞ ወጣህ?» አለኝ።

«እ?»

«ያን ቀን እናንተ ቤት መጥቼ እናትህን ደሬ አለ ወይ ስላቸው፣ ባኞ ቤት ነው፣ ይወጣል፣ ተቀመጥ አሉኝ። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ፣ አልወጣህም። ሃያ ሁለት ዓመት ጠበቅሁ፣ አልወጣህም።»

እናቴ አልዋሸችም ነበር። ለዚህ ሁሉ ዓመት በከንቱ ነው ያዘንኩላት።

ሽማግሌው በጣሊያንኛ አንድ ነገር ተናገረ፣ ደሬ ማርቆስ ሳቀ። «ክር በሌለው ጫማ ላይ ክር ያስራል፣ ግን አደገኛ አይመስልም ይለኛል። የላክሁት እኔ ነኝ።»

«እኔን እንዲከታተል?»

«ምን ላድርግ? ስትደውል ድምፅህን ሰምቼ ፈራሁ። ሊገድለኝ ነው የመጣው ብዬ።»

«እኔ?!»

«ኮልፌ ተወልደህ!» አለና እንደገና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን የእኔ ሳቅ ቶሎ አለቀ።

ውስጥ አስገባኝ። የዣንጥላዎችና የፀሐይ መሞቂያ አልጋዎች መጋዘን ነው። ሻይ አፈላ። ትምህርቱን ጨርሶ እዚያው በአንድ ድርጅት ዐሥራ አምስት ዓመት እንደሠራ፣ ድርጅቱ እንደተዘጋ ነገረኝ። አሁን የብርዱ ወቅት ሲመጣ ይህን ቦታ ይጠብቃል።

«ምኑን ነው የምትጠብቀው?»

«ክፍሎቹን፣ አልጋዎቹን። ባሕሩንም።»

«ባሕሩን ማን ይወስደዋል?»

«እኔም ለአሠሪዬ እሱን ብዬው ነበር» አለ።

በሐሳቤ ቪላ ውስጥ ነበር የሣልኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ ቪላውን የሠራሁለት፣ ግቢውን አበባ የተከልኩለት። ዘበኛ ሆኖ ሳገኘው ደስ አለኝ። ወዲያው በመደሰቴ አፈርኩ። ከዚያ እንደገና ትንሽ ደስ አለኝ።

ብድግ ብሎ ከመደርደሪያ አንድ ፕላስቲክ አቃፊ አወረደ። «ያን ቀን ይዤልህ የመጣሁት ይህን ነበር» አለ። «አንተን ሳላሳይህ መሄድ አልፈለግሁም ነበር።»

ደብዳቤው ነው። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ስሙን አየሁ፤ ደረጀ በቀለ ወ.። ልቤ ትንሽ ተስፋ አደረገ። ከስሙ ሥር የተማሪ መታወቂያ ቁጥር አለ። የእኛ ቁጥሮች ተከታታይ ነበሩ፣ የእኔ በዐሥራ አንድ ያበቃል፣ የእሱ በዐሥራ ሁለት። ቁጥሬን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ከስሜም በላይ፣ ቁጥሬ የእኔ ብቻ ነውና።

ዐሥራ ሁለት ይላል።

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ። ዐሥራ ሁለት። የመጀመሪያው መስመር ደግሞ «ባስገቡት ማመልከቻ መሠረት» ብሎ ይጀምራል።

ደሬ ማርቆስ ሻዩን እያማሰለ «አንተ ማመልከቻ አስገብተህ ነበር እንዴ?» አለኝ። በክፋት አይደለም። የምሩን ሊያውቅ ነው የጠየቀኝ።

ውጭ ባሕሩ ይመጣል፣ ይመለሳል። ፎርሙ ሳይሞላ የደብተሬ መሐል እንደ ዕልባት ሆኖ መክረሙ ትዝ አለኝ። አንደኛ የወጣ ሰው ይጠራል እንጂ… ቀሪውን ታውቁታላችሁ።

እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሸኘኝ። ያን ሁሉ ባኞ በግራችን ባሕሩን ይዘን፣ ከሠላሳ ስምንት ወደ አንድ እየቆጠርን መለስነው። ስለ ዶርማችን፣ ስለ ካፌው ምስር አወራን። ስለ ደብዳቤው አንድም ቃል አልተናገርንም። ስንለያይ «ደሬ ኮልፌ፣ በሐምሌ ና። በሐምሌ ሰው አለ» አለኝ።

ኮልፌ የገባሁ ዕለት ሰፈሩ እንደ ወትሮው ነበር። አጠና፣ ጥሩምባ፣ ግፊያ። መንገዱ ጢም ብሎ ስላየሁት ዕንባዬ ሊመጣ ነበር። ፍርሃቴ እዚህ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ከድር ግን ከሩቅ አዩኝ። ሱቁ ደጃፍ አራት ጎረቤቶቼ ቆመዋል፣ አራቱም ታሪኬን በቃላቸው የሚያውቁ፣ አራቱም አብረውኝ የተናደዱ።

«እሺ ኢንጂነር!» አሉ ጋሽ ከድር። «አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«እና?»

የሚመዘን ስኳር እንኳ ሚዛኑ ላይ ቆመ። ከባኞ አንድ እስከ ባኞ ሠላሳ ስምንት ከፈራሁት ሁሉ ያችን ደቂቃ አብልጬ ፈራኋት።

«አመነ ወይ?» አሉኝ ጋሽ ከድር።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ደረጀ በቀለ አምኗል» አልኩ።

ጩኸቱን ብታዩት! አንዱ አቀፈኝ። አንዷ እልል አለች። ጋሽ ከድር «አልሐምዱሊላህ! እኔ ድሮም ብያለሁ!» አሉና ሁለት ትኩስ ዳቦ ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

አልዋሸሁም፤ የእናቴ ልጅ ነኝ። የትኛው ደረጀ በቀለ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።